ሳይነጋገሩ መግባባት እስከ የት ያደርሳል?

በስድስተኛው ክፍለ ዘመን አዱሊስንና አክሱምን በዓይኑ ያየው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ ኢንዲኮፕሌውስጤስ ከተወልን ማስታወሻ ውስጥ ደጋግሜ የማነበው አንድ ገጽ አለ። የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ፣ በአገው አገር ገዢ በኩል፣ ሳሱ ወደሚባል ወርቅ ወደሚገኝበት አገር ወኪሎቹን ይልካል፤ ለራሳቸው የሚነግዱ ሌሎችም አብረው ስለሚጓዙ ቁጥራቸው ከ500 ይበልጣል። በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ። ከቦታው ሲደርሱ እሾህ ቆርጠው ሰፊ አጥር ያጥራሉ፤ በሬዎቹን አርደው ሥጋውን እሾሁ ላይ ይሰቅላሉ፤ ጨውና ብረቱንም እንዲሁ ያስቀምጣሉ። የአገሬው ሰው ወርቁን ይዞ ይመጣና በወደደው ሥጋ፣ ጨው ወይም ብረት ላይ አኑሮ ራቅ ብሎ ይቆማል። ባለ በሬው ቀርቦ ያያል። ዋጋው ከተስማማው ወርቁን ያነሣል፣ ያኛውም ሥጋውን ወስዶ ይሄዳል። ካልተስማማው ወርቁን ሳይነካ ይተወዋል፤ ባለ ወርቁም ወይ ይጨምራል፣ ወይ የራሱን አንሥቶ ይመለሳል። ኮስማስ ለዚህ ሁሉ የሰጠው ምክንያት አጭር ነው፤ ቋንቋቸው ይለያያል፣ አስተርጓሚም እምብዛም አይገኝም።

አክሱም በነገሥታቷ ስም የወርቅ ገንዘብ የምትመታ፣ ከሮም ግዛት ጋር በባሕር የምትነግድ መንግሥት ነበረች። ከወርቋ ከፊሉ አንድ ቃል ካልተለዋወጠችው ሕዝብ የመጣ መሆኑን ሳስብ፣ አንድ ጥያቄ እየተመላለሰ ያስቸግረኛል። ወርቅን ያህል ነገር ያለ ንግግር መግዛትና መሸጥ ከተቻለ፣ ሌላውንስ ሁሉ ያለ ንግግር ማስኬድ አይቻልም ወይ? ሆስፒታል፣ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ አውሮፕላን፣ ባንክና ፍርድ ቤት ያለው አንድ ሥልጡን ማኅበረሰብ፣ የዘወትር ንግግሩን ትቶ በቁጥር፣ በሥዕል፣ በመብራት፣ በሠንጠረዥና በኮድ ብቻ ሊኖር ይችላል? ጥያቄው የቅንጦት ይመስላል፤ ነገር ግን የዛሬው ኑሯችን በየቀኑ ወደዚያው አቅጣጫ ትንሽ ትንሽ የሚንሸራተት ስለሚመስለኝ፣ በቁም ነገር ልይዘው ወደድኩ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሜ ላጥራ። የዘወትር ቋንቋ ስል ድምፅ ማለቴ አይደለም፤ መስማት የተሳናቸው ሰዎች የሚነጋገሩባቸው የምልክት ቋንቋዎች ሙሉ ቋንቋዎች ናቸው፤ ቀልድም፣ ሙግትም፣ ግጥምም አላቸው። ጽሕፈት ማለቴም አይደለም፤ ጽሕፈት ከሌላቸው ሕዝቦች መካከል ሕጋቸውንና ታሪካቸውን በቃል ጠብቀው ያኖሩ ብዙዎች ናቸው። ማለቴ ማንም ሰው፣ ለማንም ሰው፣ ስለማንኛውም ነገር፣ ከዚህ በፊት ተብሎ የማያውቅ ነገር ሊናገርበት የሚችለውን ክፍት መሣሪያ ነው። የዚህ ተቃራኒ የሆነው ኮድ ደግሞ ዝግ ነው፤ የሚናገራቸው ነገሮች አስቀድመው ተቆጥረው የተቀመጡ ናቸው። የሳሱ ገበያ ሦስት ነገር ብቻ ይናገራል፤ «ተስማምቻለሁ»፣ «ጨምር»፣ «ትቼዋለሁ»።

ለእንዲህ ዓይነቱ ማኅበረሰብ የሚሟገት ሰው ከሁሉ የሚጠነክርለት ማስረጃ ከአንጎል ሕክምና የሚገኝ ነው፤ ስለዚህ እርሱን በቅንነት ማስቀመጥ አለብኝ። በ1861 ፖል ብሮካ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም «ታን» ከሚል ድምፅ በቀር ምንም ማለት የማይችል፣ የሚነገረውን ግን የሚረዳ ሕመምተኛ አገኘ፤ ሰውየው ሲሞት አንጎሉ ሲመረመር ጉዳቱ በግራ ፊተኛው ክፍል ላይ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ቋንቋ በአንጎል ውስጥ የራሱ ስፍራ እንዳለው እየተገለጠ ሄደ። በ2005 በብሪታንያ ተመራማሪዎች ያጠኗቸው ሦስት ሰዎች በአንጎል ጉዳት ምክንያት ሰዋስው ጠፍቶባቸው፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማን ማንን እንደመታ መለየት ተስኗቸው ነበር፤ ሆኖም መደመር፣ መቀነስ፣ በቅንፍ የተቀናበረ ስሌት መፍታትና ቁጥሮች ቦታ ሲለዋወጡ ውጤቱ እንደሚለወጥ መረዳት ይችሉ ነበር። በ2024 ኤቨሊና ፌዶሬንኮ፣ ስቲቨን ፒያንታዶሲና ኤድዋርድ ጊብሰን በኔቸር መጽሔት ባሳተሙት ጽሑፍ ይህንና ይህን የመሰለ ብዙ ማስረጃ ሰብስበው፣ ቋንቋ በመሠረቱ የማሰቢያ ሳይሆን የመግባቢያ መሣሪያ ነው ብለው ተከራክረዋል።

ክርክራቸው ይዋጥልኛል፤ ያለ ቋንቋ አሳብ የለም የሚለው የቆየ እምነት ከእንግዲህ በቀላሉ የሚቆም አይመስለኝም። ሰዓሊው፣ ግንበኛውና የቼዝ ተጫዋቹ በራሳቸው ውስጥ ቃል ሳያሰልፉ ትልቅ ነገር ሊያስቡ ይችላሉ። ነገር ግን ይህ ማስረጃ የሚያስረዳው ስለ አንድ ሰው ጭንቅላት ነው። የኔ ጥያቄ ስለ ማኅበረሰብ ነው፤ እነዚያ ሦስት ሰዎችም ቢሆኑ የሚንከባከቧቸው፣ የሚመግቧቸውና የሚያጠኗቸው ሌሎች ሰዎች ስለ እነርሱ ይነጋገሩ ነበር። እንዲያውም ቋንቋ ከማሰብ ይልቅ ለመግባባት የተሠራ ከሆነ፣ ቋንቋ ሲወሰድ በቅድሚያ የሚጎዳው የግለሰቡ አእምሮ ሳይሆን በሰዎች መካከል ያለው ነገር ነው ማለት ነው።

አሁን የራሴን ከተማ ልመልከት። አዲስ አበባ ውስጥ በስልክ መተግበሪያ ታክሲ ስጠራ፣ ከሾፌሩ ጋር አንድ ቃል መለዋወጥ የማያስፈልገን ይመስላል፤ ያለሁበት ነጥብ ካርታው ላይ አለ፣ መድረሻዬም አለ፣ ዋጋውም ተሰልቷል። ስልኩ ግን ሁልጊዜ ይደውላል። «ወንድም፣ የት ጋ ነህ?» ይለኛል ሾፌሩ፤ እኔም «ከፋርማሲው አለፍ ብሎ፣ ብሎኬት የተከመረበት ጋ» እለዋለሁ፤ እርሱም «እሱ ጋ መንገዱ ተቆፍሯል፣ ወደ ኋላ ተመልሰህ በታች በኩል ና» ይለኛል። መተግበሪያው ነጥቡን ያውቃል፤ ትናንት ማታ መንገዱ እንደተቆፈረ ግን አያውቅም። በቴሌብር ስንከፍልም እንዲሁ ነው። አገልግሎቱ ከተጀመረበት ከ2021 ወዲህ ሱቅ ገብቶ፣ ቁጥር ነክቶ፣ ከፍሎ መውጣት ተለምዷል፤ ሁለት ስልኮች ያለ ቃል ተግባብተዋል። ኔትወርክ የተንቀረፈፈ ቀን ግን «ገብቷል?» «ቆይ፣ መልእክቱ አልደረሰኝም» «ኧረ ከእኔ ላይ ተቆርጧል፣ ይኸው እየው» የሚል ሙሉ ድርድር ይጀመራል፤ ባለ ሱቁም በመጨረሻ በደንበኝነቴ አምኖኝ «ሂድ፣ ከገባ ገባ» ይለኛል። ይህችን መጨረሻ ላይ ያለች እምነት የትኛውም ሥርዓት አስቀድሞ በኮድ አላስቀመጣትም።

በአፍሪካ ቀንድ የቁም ከብት ገበያዎች፣ በተለይም በሶማሌ አካባቢ፣ ደላሎች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ በላዩ ላይ ጨርቅ ጥለው፣ በጣት ጭብጥ ዋጋ ይደራደራሉ። ዙሪያውን የቆመ ሰው ምንም አይሰማም፤ የሚደረገውም እንዳይሰማ ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ዝምተኛ ገበያ ይጠቅሰዋል። ነገር ግን የደላላው ዋና ሥራ ዋጋ ማስማማት ብቻ አይደለም፤ ከብቱ የተሰረቀ አለመሆኑን፣ ሻጩም የታወቀ ሰው መሆኑን መመስከርና ዋስ መሆን ነው። ጣቶቹ ቁጥሩን ይጨርሳሉ፤ የማን ነው፣ ከየት መጣ፣ ነገ ባለቤቱ ቢነሣ ማን ይጠየቃል የሚለው ግን በአፍ ነው የሚያልቀው።

ኮድ ከድንበሩ ማለፍ የማይችል መሆኑን ከሁሉ አሳምሮ ያሳየኝ የንብ ነገር ነው። በ1973 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት ሳይንቲስቶች አንዱ የሆነው ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ፣ አበባ ያገኘች ንብ ወደ ቀፎዋ ተመልሳ በጭፈራ አቅጣጫውንና ርቀቱን ለእኅቶቿ እንደምትነግር አረጋገጠ። ቀፎ ሥልጡን ማኅበረሰብ ነው ቢባል ብዙም አልቃወምም፤ የሥራ ክፍፍል፣ ጎተራና ዘበኛ አለው። ፎን ፍሪሽ ግን ሌላም ሙከራ አደረገ። ቀፎውን ከአንድ የሬዲዮ ማማ ሥር አኖረና የስኳር ውኃውን ጫፉ ላይ አስቀመጠ፤ ጥቂት ንቦችንም ወደዚያው ወስዶ አቀመሳቸው። ንቦቹ ወርደው በደስታ ጨፈሩ። ሌሎቹ ወጥተው ዙሪያውን በሜዳው ላይ ፈለጉ እንጂ ወደ ላይ የወጣ አልነበረም። የንብ ጭፈራ ስለ ከፍታ የሚናገርበት መንገድ የለውም፤ ጫፉ ላይ የነበሩትም ንቦች ያዩትን የሚያውቁ ቢሆኑም፣ ያንን የሚያስረዳ አዲስ ምልክት ተስማምተው መፍጠር አልቻሉም። የአንድ ዝግ ኮድ ተጠቃሚዎች ኮዱ እንዳልበቃ በዚያው ኮድ መናገር አይችሉም።

የኮድ ነገር ሲነሣ የኢንካ መንግሥት ሳይጠቀስ አይታለፍም፤ «ያለ ፊደል የቆመ ታላቅ ግዛት» እየተባለ ብዙ ጊዜ ለዚህ ክርክር ይቀርባልና። ስፔናውያን በ1532 ሲደርሱበት ግዛቱ በአንዲስ ተራሮች ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ የመንገዱ መረብ 30,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርስ ነበር፤ ግብር፣ ሠራዊት፣ የእህል ጎተራና የሕዝብ ቆጠራ ነበረው። መዝገቡ ኪፑ የሚባል የተቋጠረ ክር ነው። ከአንድ ዋና ገመድ ላይ ብዙ ክሮች ይንጠለጠላሉ፤ የቋጠሮው ዓይነትና ቦታ አንድ፣ ዐሥርና መቶን ያመለክታል፤ ቀለሙና አጣጣሉም የየራሱ ትርጉም አለው። ሌላንድ ሎክ የተባለ አሜሪካዊ በ1912 ቋጠሮዎቹ በዐሥርዮሽ የተጻፉ ቁጥሮች መሆናቸውን አሳይቷል።

ሆኖም ኪፑ ዝም ብሎ አይጓዝም ነበር። ክሩን የሚቋጥሩና የሚያነቡ ኪፑካማዮክ የተባሉ ባለሙያዎች ነበሩ፤ በመንገዱ ላይ እየተቀባበሉ የሚሮጡት ቻስኪ የተባሉ መልእክተኞችም ከክሩ ጋር የቃል መልእክት ያደርሱ ነበር፤ መንግሥቱም ከጫፍ እስከ ጫፍ ለአስተዳደር የሚያገለግል ኬችዋን የመሰለ የጋራ ቋንቋ ነበረው። ስፔናውያን ግዛቱን ድል ካደረጉ በኋላም በስፔን ፍርድ ቤቶች ፊት ኪፑካማዮኮች ክራቸውን ይዘው እየቀረቡ ይህን ያህል ላማ (የአንዲስ የጭነት እንስሳ)፣ ይህን ያህል በቆሎ ተወስዶብናል ብለው ሲመሰክሩ፣ ቃላቸው በአስተርጓሚ ተመዝግቧል። በ1583 የሊማ የካቶሊክ ጉባኤ ኪፑዎች እንዲቃጠሉ አዘዘ፤ ባለሙያዎቹም ትውልድ ሳይተኩ አለቁ። ዛሬ በዓለም ቤተ መዘክሮች ብዙ መቶ ኪፑዎች ይገኛሉ፤ ቁጥራቸውን ማንበብ እንችላለን፤ የምን ቁጥር እንደሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ አናውቅም። ከሰዎቹ አንደበት የተነጠለ መዝገብ ይህን ነው የሚመስለው፤ ድምሩ ልክ ሆኖ ይገኛል፣ ላማው ይሁን ወታደሩ ግን አይታወቅም።

ተቃራኒውን ማስረጃ አሁን ላምጣ፤ የዘወትር ንግግር ራሱ ሰው የገደለበት ጊዜ አለና። መጋቢት 27 ቀን 1977 በካናሪ ደሴቶች፣ ቴኔሪፌ ላይ ጉም በሸፈነው አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ፤ በሲቪል አቪዬሽን ታሪክ ከዚህ የከፋ የአውሮፕላን ግጭት የለም። ምክንያቶቹ ብዙ ነበሩ፤ አንዱ ግን ቋንቋ ነበር። ተቆጣጣሪው ኬኤልኤም ለተባለው የሆላንድ አየር መንገድ አውሮፕላን የሰጠው ከተነሣ በኋላ የሚጓዝበትን መስመር እንጂ የመነሻ ፈቃድ አልነበረም። ረዳት አብራሪው መልሶ ካነበበ በኋላ አሁን መነሻው ላይ መሆናቸውን የሚገልጽ፣ ሆላንዳዊ አፉ በእንግሊዝኛ የቀመረው አንድ አሻሚ ሐረግ ጨመረ። ስፔናዊው ተቆጣጣሪ ቆመው የሚጠብቁ መሰለውና «እሺ» አለ፤ ቀጥሎም እንዲጠብቁ ነገራቸው። በዚያው ሰከንድ ሌላው፣ የአሜሪካው ፓን አም አየር መንገድ አውሮፕላን፣ ገና ማኮብኮቢያው ላይ መሆኑን ለማሳወቅ ተናገረ፤ ሁለቱ ድምፆች በአንድ ሞገድ ላይ ተጋጭተው በኬኤልኤሙ ጋቢና ውስጥ ፉጨት ብቻ ሆነ። አውሮፕላኑ ግን መንደርደር ጀምሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ የአየር ትራፊክ ንግግር ይበልጥ ወደ ኮድ ተጠጋ። መነሣትን የሚገልጸው ቃል ፈቃዱ ራሱ በሚሰጥበትና በሚሰረዝበት ጊዜ ብቻ እንዲነገር፣ በሌላ ጊዜ ሌላ ቃል እንዲተካ ተደረገ፤ ትእዛዝን መልሶ ማንበብም ተጠናከረ። የኮድ ወዳጅ እዚህ ላይ «አየህ፣ ቋንቋን ባጠበብነው ቁጥር ሕይወት ተረፈ» ቢለኝ አልከራከረውም፤ ልክ ነው። አንድ ዓይነት ነገር በቀን ብዙ ሺህ ጊዜ በሚደገምበት ሥራ፣ ኮድ ከንግግር ይበልጣል።

ዐሥራ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ ግን ሌላው ገጽታ መጣ። ጥር 25 ቀን 1990 ከኮሎምቢያ የተነሣው የአቪያንካ በረራ 52 በአየር ሁኔታ ምክንያት ኒው ዮርክ አካባቢ ከአንድ ሰዓት በላይ እንዲዞር ተደረገ። ነዳጁ እያለቀ ነበር። አብራሪዎቹ ቅድሚያ እንዲሰጣቸው ጠየቁ፤ ረዳት አብራሪውም ነዳጅ እያለቀባቸው መሆኑን ተናገረ። ተቆጣጣሪዎቹን የሚያስነሣው፣ ለሌላው አውሮፕላን ሁሉ መንገድ የሚያስለቅቀው የአደጋ ቃል ግን ከአፋቸው አልወጣም። አውሮፕላኑ ሎንግ አይላንድ ላይ ወደቀ፤ ከ158 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 73ቱ ሞቱ። እውነቱ ተነግሮ ነበር፤ በኮዱ ስላልተነገረ ግን እንዳልተነገረ ሆነ። የሁለቱን አደጋዎች መዝገብ ጎን ለጎን ሳነብ፣ በአንደኛው ኮዱ ባለመኖሩ፣ በሁለተኛው ደግሞ ኮዱ ጆሮን ስለዘጋ ሰው እንዳለቀ ይታየኛል።

ለእኔ ዋናው ቁም ነገር ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ አይካኦ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ የደረሰበት ውሳኔ ነው። ድርጅቱ ኮዱን አስፍቶ የሚደርሰውን አደጋ ሁሉ በዝርዝር ማስገባት ይችል ነበር። በ2003 ያጸደቀውና ከ2008 ጀምሮ ተግባራዊ ያደረገው ደንብ ግን ዓለም አቀፍ በረራ የሚያበሩ አብራሪዎችና የሚቆጣጠሯቸው ሰዎች ከተለመዱት ሐረጎች ውጭ በተራ ቋንቋ የመነጋገር ችሎታቸው እንዲፈተን ያዛል። የሚያልፉትም ቢያንስ አራተኛ ደረጃ ላይ ሲደርሱ ነው። ምክንያቱም የተለመደው ሐረግ ስለ ተለመደው ነገር ነው፤ ተሳፋሪ ሲታመም፣ ጭስ ሲሸት፣ ወፍ ሞተር ሲገባ፣ ማንም ያላሰበው ነገር ሲደርስ፣ ሰው በራሱ ቃል ማስረዳት አለበት። በዓለም ላይ ከሁሉ ይበልጥ በኮድ የሚሠራው ሙያ፣ ኮዱ ከዘወትር ቋንቋ ተለይቶ እንደማይቆም በፈተና ወረቀት ላይ አምኗል ማለት ነው። የቦሌው ተቆጣጣሪም ይህንኑ ፈተና ማለፍ አለበት።

ንግግርን በስሌት የመተካት ምኞት ራሱ አዲስ አይደለም። በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ፈላስፋ ሊብኒትዝ አሳቦች ሁሉ እንደ ቁጥር የሚጻፉበት ምልክት ቢገኝ፣ ሁለት ፈላስፎች ሲከራከሩ መጮህ ትተው ብዕር አንሥተው «እናስላ» ብቻ ይባባላሉ ብሎ ተመኝቶ ነበር። ከምኞቱ የኮምፒውተር ሳይንስ አንድ ሥር በቅሏል፤ ስለዚህ ከንቱ ሕልም ነበር አልልም። ምኞቱ በዘመናችን ሲፈተን ያየሁት ግን በ2016 ነው። ኢቴሪየም በተባለ የዲጂታል ገንዘብ መረብ ላይ የተመሠረተ «ዘ ዳኦ» የተባለ የጋራ ገንዘብ ተቋቁሞ ነበር፤ ሥራ አስኪያጅ የለውም፣ ውሉ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፣ የፕሮግራሙ ቃል ከየትኛውም ማብራሪያ በላይ እንደሆነም ተጽፎ ነበር። በሰኔ ወር አንድ ሰው በፕሮግራሙ ውስጥ ቀዳዳ አግኝቶ 3.6 ሚሊዮን ኢተር (የኢቴሪየም ገንዘብ) አወጣ፤ በዚያን ጊዜ ዋጋ 50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ኮዱ እንደ ሕግ ከተወሰደ ሰውየው አልሰረቀም፤ ኮዱ የፈቀደለትን አደረገ። «ኮድ ሕግ ነው» ሲሉ የነበሩት ሰዎች ግን ለሳምንታት በተራ ቋንቋ ተከራከሩ፤ ሌብነት ምንድን ነው፣ የውሉ አሳብ ምን ነበር፣ የገቡት ሰዎች ምን ተረድተው ነበር እየተባለ። በሐምሌ 20 አብዛኞቹ ተስማምተው መዝገቡን ራሱን ወደ ኋላ አረሙት፤ ያልተስማሙትም በአሮጌው መዝገብ ላይ ቀሩ፤ እስከ ዛሬም ሁለት የተለያዩ መዝገቦች አሉ። የመሐንዲሶቹ ኮድ ሸንጎ ውስጥ ገብቶ የሽማግሌ ዳኝነት ተሰጠው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሸንጎ ካልኩ አይቀር፣ የእኛ የቆየ ፍርድ ለዚህ ጉዳይ የሚያስተምረው አለ። በድሮው ሥርዓት ሁለት ተካሳሾች ነጠላቸው ተቆራኝቶ ያለ ዘበኛ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰውም ባለበት ይቆም ነበር። ነጠላው ምልክት ነው፤ ያለ ቃል ይሠራል። በደል ሠርቶ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ ፊት መንበርከኩም ምልክት ነው፤ ከማንኛውም ንግግር ይበልጥ ልብ ይነካል። ማኅበረሰብ በምልክት ብቻ የሚሠራው ብዙ ነገር እንዳለ እነዚህ ያሳያሉ፤ ግን ድንጋዩ ከወረደ በኋላ ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ። ማን ምን አለ፣ ማን ቀድሞ መታ፣ ሆን ብሎ ነው ወይስ እጁ ስቶት፣ ካሣው ስንት ይሁን፣ ዳግመኛ ቢያደርግስ የሚለው ሁሉ ይነሣል። ያልሆነውን ግን ሊሆን ይችል የነበረውን፣ ገና ያልመጣውን፣ በሰው ልብ ውስጥ የነበረውን አሳብ የሚመዝን ፍርድ በቀይና በአረንጓዴ መብራት አይሰጥም።

ከዚህ ተነሥቼ የማምነው ይህ ነው። አንድ ሥልጡን ማኅበረሰብ ዛሬ ማታ ቋንቋው ቢወሰድበት በማግስቱ አይፈርስም። ባቡሩ በመብራቱ ይሄዳል፣ ግድቡ በራሱ ይቆጣጠራል፣ ሐኪሙ የለመደውን ቀዶ ጥገና ይሠራል፣ ገንዘቡ ይዘዋወራል። አንዳንዱ ሥራ እንዲያውም ከስብሰባ ተገላግሎ ይቀላጠፍ ይሆናል፤ ይህን የምለው ለመቀለድ ብቻ አይደለም። ነገር ግን የሚኖረው ቀደም ብሎ በተነጋገረው ላይ ነው። እያንዳንዱ ኮድ ትርጉሙ የተሰጠው፣ ድንበሩ የተወሰነውና ሲሳሳት የሚታረመው ከኮዱ ውጭ በሆነ ንግግር ነው። አዲስ በሽታ፣ አዲስ ማጭበርበር፣ ያልታሰበ ድርቅ ሲመጣ፣ ያ ማኅበረሰብ ስኳሩ ማማው ጫፍ ላይ እያለ ሜዳ ለሜዳ እንደሚበሩት ንቦች ይሆናል። የሳሱን ገበያ አስተውዬ ሳየውም ዝምታው ያለው አጥሩ ላይ ብቻ ነው። ከአጥሩ ወዲህ ከ500 የሚበልጡ ሰዎች ከአገው ገዢ ጋር ተስማምተው፣ ደርሶ መልስ ስድስት ወር የሚፈጅ መንገድ ተማክረው ነው የመጡት፤ ከወዲያም የራሱ ቋንቋ ያለው ሕዝብ አለ። ደንቡ ራሱ በልምድ፣ ያለ ቃል፣ ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል፤ ይህን እቀበላለሁ። ወርቁ ግን ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ ገበያው ያለው መፍትሔ አንድ ነው፤ ዳግመኛ አለመምጣት።

«ወደፊትስ?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። በጥር 2024 ኒውራሊንክ የተባለው ኩባንያ የአንጎል ምልክት የሚያነብ መሣሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው አንጎል ውስጥ ተክሏል፤ አንድ ቀን አሳብ ከአንጎል ወደ አንጎል ቢተላለፍ ቋንቋ ምን ያደርጋል ይባላል። እንዲህ ያለው መሣሪያ ግን የእያንዳንዱን ሰው የአንጎል ምልክት ለየብቻው መማር አለበት፤ የኔ «በሬ» በእኔ አንጎል ውስጥ የሚያስነሣው ሞገድ በአንባቢዬ አንጎል ውስጥ ካለው ጋር አንድ አይደለም። ሁለቱን ለማገናኘት በመካከል የጋራ የሆነ የተስማማንበት ነገር ማስቀመጥ ግድ ነው፤ ያም በሽቦ የሚሄድ ቋንቋ ነው። የማሽኖቹም ጉዞ ቢሆን ከተገመተው በተቃራኒ ነው የሄደው። ሰዎች መጀመሪያ ኮምፒውተርን በተበሳ ካርድ ያዙት ነበር፤ በ1957 ፎርትራን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ መጣ፤ ጥቂት ቆይቶ እንግሊዝኛ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራው ኮቦል ተከተለ፤ ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ከማሽን ጋር በተራ ንግግር እንነጋገራለን፤ በእኛ ቋንቋ ገና እየተንተባተበ ቢሆንም። ሰባ ዓመት ሙሉ ምርጥ መሐንዲሶች ማሽኑን ወደ ዘወትር ቋንቋ ሲያቀርቡት ኖረዋል።

የቀረኝ የልጆች ነገር ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ማስረጃም ይህ ነው፤ ሙከራው ሳይታሰብ በእውነት ተደርጓልና። እስከ 1970ዎቹ ድረስ በኒካራጓ መስማት የተሳናቸው ልጆች በየቤታቸው ተለያይተው ያድጉ ነበር፤ ከቤተሰብ ጋር ለመብላት፣ ለመጠጣትና ለመሄድ የሚበቁ ጥቂት የእጅ ምልክቶች ነበሯቸው። በ1977 በማናጓ ልዩ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ከ1979ኙ አብዮት በኋላም የተማሪዎቹ ቁጥር እየጨመረ ሄደ። መምህራኑ ስፓንኛን በከንፈር ንባብና በጣት ፊደል ሊያስተምሯቸው ሞከሩ፤ ብዙም አልተሳካም። ልጆቹ ግን በመጫወቻው ሜዳና በትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ውስጥ የየቤታቸውን ምልክቶች አዋጡ፤ ከእነርሱ በኋላ የገቡት ታናናሾቻቸው የተቀበሉትን እንዳለ አላስቀመጡትም፤ ማን ለማን ምን እንዳደረገ የሚለይ፣ ያለፈውንና የሌለውን የሚናገር ሰዋስው ጨመሩበት። ማንም አላስተማራቸውም፤ የሚኮርጁትም ቋንቋ አልነበራቸውም።

ስለዚህ ያ ዝምተኛ ሥልጡን ማኅበረሰብ በምልክቱና በሠንጠረዡ አዋቂዎቹን ጸጥ አድርጎ ማኖር ቢችል እንኳ፣ ትምህርት ቤት የከፈተ ቀን ነገሩ ያበቃል። ልጆቹ በዕረፍት ሰዓት ይጀምሩታል። በማናጓም መጨረሻው እንዲያ ሆነ፤ መምህራኑ ልጆቹ በመካከላቸው የሚባባሉትን መረዳት ስላቃታቸው፣ በ1986 የትምህርት ሚኒስቴሩ ጁዲ ኬግል የተባለችን አሜሪካዊት የቋንቋ ምሁር መጥታ እንድትነግራቸው ጠራት።